ጃርቪስ ቶሎ የዘጋው ጥያቄ

ቶኒ ስታርክ ምግብ ቤት ውስጥ ከጓደኛው ከሮዲ ጋር ተቀምጧል። ሁለት ሕጻናት መጥተው ፊርማ ይጠይቁታል። የቀረበለት ወረቀት ላይ የሕጻን እጅ የሳለው ሥዕል አለ፤ ሥዕሉ እሱ ኒው ዮርክ ላይ ከሞት ለጥቂት ያመለጠበትን ቀን የሚያሳይ ነው። ሊፈርም ሲል የያዘው ክራዮን እጁ ላይ ይሰበራል። ትንፋሹ ይቆራረጣል፣ ብድግ ብሎ ወደ ውጭ ይሮጣል፣ የብረት ልብሱ ውስጥ ይገባና ጃርቪስ የተባለውን ኮምፒውተሩን ልቡን እንዲያይለት፣ ካልሆነም አንጎሉን እንዲመረምርለት ይለምነዋል። ተመርዤ ይሆን ብሎም ይጠረጥራል። ጃርቪስ ወዲያው መልስ አለው፦ ልቡም አንጎሉም ደህና ናቸው፣ የያዘው ከባድ የጭንቀት ጥቃት ነው። ስታርክ «እንዴት እኔን!» በሚል ፊት ክው ይላል፣ ተመልካች ይስቃል፣ ፊልሙም ይቀጥላል።

ትዕይንቱ በ2013 የወጣው የ«አይረን ማን 3» ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ፊዚዮሎጂ ሳስተምር የልብ ምት ላይ ስንደርስ በየዓመቱ የሚነሳ ጥያቄ አለ፦ «ፓኒክ አታክ ልብን ይጎዳል?» ጥያቄው ሁልጊዜ ስለ «አንድ ጓደኛዬ» ነው። ጓደኛው ማን እንደሆነ አልጠይቅም። ከኋላ ወንበር አንዱ «እንደ ቶኒ ስታርክ ማለት ነው» ሲል ክፍሉ በሙሉ ይገባዋል። አንድ የጀግና ፊልም ከእኔ ስላይዶች የበለጠ አስተምሯል ማለት ነው። ቅናቴን ዋጥ አድርጌ ፊልሙን እንደገና አየሁት፤ ሌሎች ጥቂት ፊልሞችንም ጨመርኩበት።

መጀመሪያ የሚገባውን ምስጋና ልስጥ። ፓኒክ አታክ ማለት በድንገት ተነስቶ በደቂቃዎች ውስጥ ጣሪያ የሚነካ የፍርሃት ማዕበል ነው። ልብ ይደልቃል፣ ደረት ይጨመቃል፣ ያልባል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ጣት ይደነዝዛል፤ «አሁን መሞቴ ነው» ወይም «ላብድ ነው» የሚል ስሜት ይመጣል። ትዕይንቱ ውስጥ ጠላት የለም፣ ቦምብ የለም፤ ያለው የሕጻን ሥዕል ብቻ ነው። ይሄ ትክክል ነው። ሰውየው ፈሪ አለመሆኑም ትክክል ነው። ከሁሉም በላይ ትክክል የሆነው ግን መጀመሪያ የጠየቀው ስለ ልቡ መሆኑ ነው። ፓኒክ የያዘው ሰው «ጭንቀት ያዘኝ» ብሎ አይደለም ድንገተኛ ክፍል የሚሮጠው፤ «ልቤ ሊቆም ነው» ብሎ ነው።

ችግሩ መልሱ ላይ ነው። የጃርቪስ መልስ የቆመው «ወይ ልብ፣ ወይ ጭንቀት» በሚል ሚዛን ላይ ነው። ልቡ ደህና ከሆነ ጭንቀት ነው፤ ጭንቀት ከሆነ ደግሞ የልቡን ነገር ተወው። እንዴ! ይሄ ሰውዬ እኮ ደረቱ ውስጥ የብረት ስብርባሪ ያለበት፣ ስብርባሪው ወደ ልቡ እንዳይሄድ በማግኔት ተይዞ የሚኖር ሰው ነው። «ልቤን እዩልኝ» ለማለት ከሱ የበለጠ ምክንያት ያለው ማን ነው? ፊልሙ ራሱ የፈጠረውን የልብ ታማሚ ለአንድ ቀልድ ሲል ረሳው።

ይህ «ወይ» ከሲኒማ በፊትም ነበር። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ጃኮብ ዳ ኮስታ የሚባል የፊላደልፊያ ሐኪም ልባቸው የሚደልቅ፣ ደረታቸውን የሚያማቸው፣ ትንፋሽ የሚያጥራቸው ወታደሮች በብዛት ይመጡለት ነበር። መርምሮ የሚታይ የልብ ጉዳት አጣባቸው። በ1871 ሦስት መቶ ያህሉን አጥንቶ ባወጣው ጽሑፍ ሕመሙን «ቁጡ ልብ» ዓይነት ስም ሰጠው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዞች ተመሳሳይ ወታደሮች ገጠሟቸውና «የወታደር ልብ» አሉት። በ1980 የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያ «ፓኒክ ዲስኦርደር» የሚለውን ስም ለብቻው ሲያስገባ ነገሩ ከልብ ሐኪሞች ክፍል ወጥቶ ወደ አእምሮ ሐኪሞች ክፍል ተዛወረ። ስሙ ሲቀየር በር ተቀየረ እንጂ የሚደልቀው ያው ልብ ነው። ቶኒ ስታርክ ከጦርነት የተመለሰ ሰው መሆኑን ካስታወስን፣ ዳ ኮስታ ቢያየው ኖሮ ከጃርቪስ ይልቅ ረጅም ጊዜ ያዳምጠው ነበር ብዬ እገምታለሁ።

እስቲ ደረት ውስጥ እንግባ። አንጎል «አደጋ አለ» ብሎ ሲወስን፣ ውሳኔው ልክ ይሁን ስህተት፣ ትእዛዙ በሲምፓቴቲክ ነርቮች በኩል ቀጥታ ልብ ላይ ይደርሳል። ከኩላሊት በላይ የተቀመጡት አድሬናል ዕጢዎችም አድሬናሊን ወደ ደም ይለቃሉ። ልብ መፍጠን ብቻ ሳይሆን በኃይልም ይመታል፤ ጆሯችን ድረስ የሚሰማን ለዚህ ነው። ትንፋሽ ሲፈጥን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከደም ውስጥ ከሚገባው በላይ ይወጣል፤ ያኔ ወደ አንጎል የሚሄዱ የደም ሥሮች ጠበብ ይላሉ፣ ራስ ያዞራል፣ ጣትና ከንፈር ይነዝራል። አንዱም «የሐሳብ ብቻ» አይደለም። «ምንም የለብህም» የሚለው የተለመደ ማጽናኛ ለዚህ ነው የሚያናድደው፤ ሰውየው የሚሰማው ነገር በሙሉ አካሉ ላይ እየሆነ ነው። ጤነኛ ልብ ግን ይህን ጫና ይችለዋል። ፎቅ በሩጫ ስትወጡም የሚሠራው ሥራ ከዚህ ብዙም አይለይም።

እዚህ ላይ አንድ ገራሚ ነገር አለ። በ1980ዎቹ ተመራማሪዎች ፓኒክ ያለባቸውን ሰዎች የልብ ምት የሚመዘግብ ትንሽ መሣሪያ አሳስረው ወደ ኑሯቸው ሰደዷቸው። ሰዎቹ «አሁን ያዘኝ» ባሉባቸው ሰዓቶች መዝገቡ ሲታይ፣ በአንዳንዶቹ ጥቃቶች ላይ የልብ ምቱ እምብዛም አልተቀየረም። ሰውየው ልቡ ሊፈነዳ ነው ይላል፣ መሣሪያው ግን «እኔ ምንም አላየሁም» ይላል። ዋሹ? አልዋሹም። ልብን የሚያዳምጠው የአንጎላቸው ጆሮ ድምፁን አጉልቶታል። በ1988 አንከ ኤለርስና የሥራ ባልደረቦቿ ደግሞ ተገልብጦ ሞከሩት፤ ፓኒክ ላለባቸው ሰዎች ልባቸው በድንገት የፈጠነ የሚያስመስል የሐሰት ድምፅ አሰሟቸው። ድምፁ የራሳቸው ልብ ነው ብለው ያመኑት ሰዎች ጭንቀታቸው ጨመረ፤ እውነተኛው የልብ ምታቸውና የደም ግፊታቸውም ተከትሎ ወጣ። በሐሰት ድምፅ እውነተኛ ልብ ሮጠ ማለት ነው።

ይሄን ካነበብኩ በኋላ ጃርቪስን በሌላ ዓይን አየሁት። ዛሬ ጃርቪስ የሚሊየነር ዕቃ አይደለም፤ የልብ ምት የሚቆጥር ሰዓት ያሰረ ሰው ሁሉ ትንሽ ጃርቪስ አለው። ሰዓቷን በየሁለት ደቂቃው የምታይ አንዲት ተማሪ ነበረችኝ፤ 96 ሲል ትደነግጣለች፣ ስትደነግጥ 110 ይሆናል፣ 110ን ስታይ ደግሞ… ቀጥሉበት። እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ዴቪድ ክላርክ በ1986 ይህን ክብ በግልጽ አስቀምጦታል፦ ሰው አንድ ተራ የአካል ስሜት ይሰማዋል፣ «የሞት ምልክት ነው» ብሎ ይተረጉመዋል፣ ትርጉሙ ፍርሃት ይወልዳል፣ ፍርሃቱ ስሜቱን ያባብሰዋል። ለጃርቪስ በፊልሙ ውስጥ አንድ ምስጋና ካለኝ ቁጥሩን ጮክ ብሎ አለመጥራቱ ነው።

ወደ «ኢንሳይድ አውት 2» እንለፍ። በ2024 ወጥቶ ከአንድ ቢሊዮን ተኩል ዶላር በላይ ያስገባ ፊልም ነው፤ ስለ ፓኒክ አታክ መጀመሪያ ያወቀው ከዚህ ካርቱን የሆነ ልጅ ዛሬ በጣም ብዙ ነው። የ13 ዓመቷ ራይሊ የሆኪ ጨዋታ ላይ ጓደኛዋን ገጭታ በቅጣት ለሁለት ደቂቃ ሳጥን ውስጥ ትቀመጣለች። አእምሮዋ ውስጥ ጭንቀት የምትባለው ብርቱካናማ ገጸ ባሕርይ መቆጣጠሪያውን ይዛ አውሎ ነፋስ እስክትመስል ድረስ ትሽከረከራለች፤ ማንም ሊያስቆማት አይችልም። ከውጭ ራይሊ ደረቷን ይዛ ትንፋሽ ታጥሯለች። ከውስጥ ማዕበል፣ ከውጭ አንዲት ልጅ ብቻ። በአውሎ ነፋሱ መሐል ጭንቀት እንደማትንቀሳቀስ ሆና ደርቃ ትታያለች፤ ፓኒክ የያዘው ሰው ስሜት እንደዚህ ተስሎ አላየሁም። ሲያልፍም ራይሊ የተቀመጠችበትን አግዳሚ በእጇ ትዳስሳለች፣ ብርሃኑን ታያለች፣ ድምፅ ትሰማለች። ሐኪሞች የሚመክሩትን ነገር ያለ ስብከት አስተማሩበት።

ቢሆንም አንድ ቅሬታ አለኝ፤ ፊልሙ ውስጥ ልብ የለችም። ስሜቶቹ በሙሉ ጭንቅላት ውስጥ ባለ ቢሮ ተቀምጠው ቁልፍ ይጫናሉ፣ ሰውነት ይታዘዛል። አለቃ ላይ፣ ሠራተኛ ታች። እኛ በአማርኛ «ልቤ ነገረኝ» እንላለን፤ ለሳይንስ ሰው ይህ አባባል ለረጅም ጊዜ የግጥም ነገር ብቻ ነበር። በ2023 «ኔቸር» መጽሔት ላይ የወጣ የካርል ዳይሰሮት ቤተ ሙከራ ሥራ ነገሩን ትንሽ ገለበጠው። ተመራማሪዎቹ የአይጦችን የልብ ሕዋሶች ለብርሃን ምላሽ እንዲሰጡ አደረጉና፣ ብርሃን በሚረጭ ትንሽ ቀሚስ ከውጭ ልባቸውን ማስሮጥ ቻሉ፤ በደቂቃ 660 ገደማ የነበረውን ወደ 900 ወሰዱት። (አዎ፣ የአይጥ ልብ እንደዚያ ነው የሚሮጠው።) አይጧን ማንም አላስፈራራትም፤ የተነካው ልቧ ብቻ ነው። አደጋ የሚሸት ቦታ ላይ ስትሆን፣ ለምሳሌ ከፍ ያለ ግልጽ መተላለፊያ ላይ፣ ልቧ የተሮጠባት አይጥ የፍርሃት ጠባይ አሳየች። ምንም በማያሰጋ ቦታ ግን ያው ሩጫ አላስፈራትም። ኢንሱላ የሚባለውን፣ ከአካል ውስጥ የሚመጣ ወሬ የሚሰማውን የአንጎል ክፍል ሲያፍኑት ደግሞ ፍርሃቱ ቀነሰ። አይጥ ሰው አይደለችም። ቢሆንም ልብ ለአንጎል መልእክት እንደምትልክ፣ አንጎልም እንደ ቦታው እንደሚተረጉመው ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላውቅም። ሦስተኛ ክፍል ከሠሩ ለልብ አንድ ወንበር ቢሰጧት ምን ይጎዳቸዋል?

አሁን ያልጠበቅኩትን ፊልም ላምጣ። በ2003 ናንሲ ማየርስ የሠራችው «ሰምቲንግስ ጎታ ጊቭ» ለወጣት የተሠራ ፊልም አይደለም፤ ስድሳ ዓመት ያለፈው፣ ወጣት ሴቶችን ብቻ የሚወድ አንድ ሀብታም ሰው (ጃክ ኒኮልሰን) በስተርጅና ፍቅር ሲይዘው የሚያሳይ የፍቅር ኮሜዲ ነው። ሰውየው መጀመሪያ እውነተኛ ሃርት አታክ ይይዘዋል፣ ማለትም ልብን የሚመግበው የደም ሥር ተዘግቶ የልብ ጡንቻ ይጎዳል። በኋላ ላይ ልቡ ሲሰበር ያው ደረት ያመዋል፣ እየሮጠ ድንገተኛ ክፍል ይገባል፣ ይመረምሩታል፤ ፓኒክ አታክ ነው ይሉታል። እንደገና ይመጣል። እንደገና ፓኒክ ነው። ይስቁበታል፤ ግን ይመረምሩታል! በየጊዜው ኢሲጂ ይነሳል፣ ምክንያቱም ይህ ሰው ሁለቱም አለበት። ከአይረን ማን የቴክኖሎጂ ክምር ይልቅ ለእውነቱ የቀረበው ይህ የሽማግሌዎች ኮሜዲ ነው።

ለምን እንዲህ እንደምል አንድ ጥናት ልንገራችሁ። በ1996 የታተመ ነው፤ ሥፍራው ካናዳ፣ የሞንትሪያል የልብ ተቋም ድንገተኛ ክፍል። ሪቻርድ ፍሊት የሚባል ተመራማሪና ባልደረቦቹ ደረቴን አመመኝ ብለው የመጡ 441 ሰዎችን አናገሩ። አንድ አራተኛ ያህሉ የፓኒክ ዲስኦርደር መስፈርትን አሟሉ። ከእነዚህ ውስጥ 44 በመቶው ቀድሞ የተረጋገጠ የልብ ደም ሥር ሕመም ነበረባቸው። ሁለቱም፣ በአንድ ደረት ውስጥ። የልብ ሐኪሞቹስ ፓኒኩን አዩት? 98 በመቶው አልታየም። ማለትም ስህተቱ በሁለት አቅጣጫ ነው የሚሄደው። አንዱ «ልብህ ደህና ነው፣ ሂድ» ብሎ ፓኒኩን ሳይናገር ይሸኛል፤ ሌላው «ጭንቀት ነው» ብሎ ልቡን ሳያይ ይሸኛል።

ሁለተኛው ስህተት ወጣቶችን፣ በተለይ ሴቶችን ይመለከታል። ኤስቪቲ የሚባል የልብ ምት መዛባት አለ፤ ልብ ውስጥ ባለ ትርፍ የኤሌክትሪክ መንገድ ምክንያት ምቱ በድንገት ወደ 150፣ 200 ይዘልላል፣ በድንገትም ይቆማል። በ1997 የወጣ የአሜሪካ ጥናት ይህ ችግር የተረጋገጠባቸውን 107 ሰዎች ወደ ኋላ ሄዶ ታሪካቸውን አየ። 67 በመቶዎቹ የፓኒክ ዲስኦርደርን መስፈርት ያሟሉ ነበር። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በመጀመሪያው ምርመራ የልብ ምት ችግራቸው አልታወቀም፤ «ጭንቀት ነው» የተባሉትም ከወንዶቹ ይልቅ ሴቶቹ ይበዙ ነበር። ኤስቪቲ ደግሞ በካቴተር ትርፉን መንገድ አቃጥሎ መዝጋት የሚቻል፣ ብዙ ጊዜ የሚድን ነገር ነው። ስንት ዓመት በከንቱ «አትጨነቂ» ሲባሉ እንደኖሩ አስቡት። ይህን እያወቅኩ «አናላይዝ ዚስ» የሚለውን የ1999 ኮሜዲ ሳየው ሳቄ በግማሽ ሆነ። የማፊያ አለቃው ሮበርት ዲ ኒሮ ሃርት አታክ ነው ብሎ ሆስፒታል ይሄዳል፤ ሐኪሙ «ፓኒክ ነው» ሲለው በቡጢ ይለዋል። ሐኪሙ ትክክል ስለነበር ነው የምንስቀው። በእውነተኛው ዓለም ሐኪሙ አንዳንዴ ትክክል አይሆንም፤ ቡጢ የሌላት ልጅ ደግሞ አመስግና ነው የምትወጣው።

የተማሪዬ ጥያቄ ግን ስለ ነገ ነበር፦ እየተደጋገመ ሲሄድ ልብን ይጎዳል ወይ? እዚህ ላይ ፊልሞቹ ዝም ይላሉ፣ የማኅበራዊ ሚዲያ ቪዲዮዎች ደግሞ ከመጠን በላይ ይጮኻሉ። «ፓኒክ አታክ የልብ ሕመምን በአራት እጥፍ ይጨምራል» የሚል ነገር አይታችሁ ይሆናል። ቁጥሩ ከአየር የመጣ አይደለም። በ2007 በአሜሪካ የወጣ ጥናት 3,369 ሴቶችን ለአምስት ዓመት ገደማ ተከታትሎ፣ ፓኒክ አታክ የነበረባቸው ላይ የልብ ደም ሥር ሕመም አራት እጥፍ ገደማ ሆኖ አግኝቶታል። ቪዲዮው የማይነግራችሁ፣ ሴቶቹ ዕድሜያቸው ከ51 እስከ 83 ያሉ፣ የወር አበባ ያቆሙ መሆናቸውን ነው። የ19 ዓመት ልጅ ይህን ቁጥር ይዞ ሌሊቱን ሙሉ ሲገላበጥ ማደር የለበትም።

ለወጣቱ የሚቀርበው በ2008 የታተመው የእንግሊዝ ጥናት ነው። ከቤተሰብ ሐኪሞች መዝገብ ወደ 57 ሺህ የሚጠጉ ፓኒክ ያለባቸውን ሰዎች ወስዶ ከሌላቸው ጋር አነጻጸረ። ከ50 ዓመት በታች የሆኑት ላይ ሃርት አታክ 38 በመቶ ጨምሮ ተገኘ። ያስደነግጣል አይደል? ግን ቀስ በሉ። ለምሳሌ ያህል፣ ከአሥር ሺህ ወጣቶች አሥሩ ሃርት አታክ የሚይዛቸው ቢሆን፣ 38 በመቶ ጭማሪ ማለት አሥራ አራት ገደማ ሆኑ ማለት ነው። በዚያው ጥናት በልብ ሕመም መሞት ግን ፓኒክ ባለባቸው ላይ አልጨመረም፤ እንዲያውም ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው የተገኘው። የጥናቱ ባለቤቶች ራሳቸው አንድ ጥርጣሬ አስቀምጠዋል፦ ከጭማሪው የተወሰነው መጀመሪያውኑ የልብ ሕመም ሆኖ ሳለ «ፓኒክ ነው» ተብሎ የተመዘገበ ሊሆን ይችላል። አያችሁ፣ ያው የጃርቪስ «ወይ» ስታቲስቲክሱ ውስጥም ገብቶ ይበጠብጣል።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ መንገድ ነው። ልቡ ሲመታ የሚፈራ ሰው ልቡ የሚመታበትን ነገር ሁሉ ይሸሻል። ደረጃ ይተዋል፣ ኳስ ይተዋል፣ ሩጫ ይተዋል። አንዳንዱ ለማረጋጊያ ሲጋራ ይጀምራል። ከዓመታት በኋላ ልቡን የሚጎዳው ያ የአሥር ደቂቃ ማዕበል ሳይሆን፣ ማዕበሉን ሽሽት የተቀመጠበት ወንበር ሊሆን ይችላል። ጥሩ ሕክምና ይህን ነው የሚገለብጠው፤ ባለሙያው ታካሚውን ወንበር ላይ ያሽከረክረዋል፣ ደረጃ ያስሮጠዋል፣ ሆን ብሎ ልቡን ያስመታዋል፤ ምቱ ምት ብቻ መሆኑን ሰውነቱ እስኪማር ድረስ። መድኃኒትም አለ፣ ይሠራል። ይህን ሕክምና የሚያሳይ አንድ ፊልም እንኳ አላገኘሁም፤ ለሲኒማ ይህን ያህል የሚመች ትዕይንት እያለ!

ስለኛ አገር ያለኝ ነገር አጭር ነው፤ ግን ከሁሉም የበለጠ ይከብደኛል። የሆሊውድ ፊልም «ወጣት ነህ፣ ልብህ ደህና ነው» ቢል ለሎስ አንጀለስ ብዙም አይሳሳትም። እኛ ጋ ግን ወጣት ላይ የሚመጣ የልብ ሕመም አለ፤ ሩማቲክ የሚባለው። በልጅነት በወጉ ያልታከመ የቶንሲል ኢንፌክሽን የሰውነትን መከላከያ አሳስቶ የራስን ልብ ያስመታዋል፣ በር የሚባሉት ቫልቮች ይጠባሉ ወይም ማፍሰስ ይጀምራሉ። ቶሎ ከታወቀ በየሦስት አራት ሳምንቱ በሚሰጥ የፔኒሲሊን መርፌ እንዳይባባስ ይጠበቃል። ደም ማነስም፣ የእንቅርት ዕጢ ከመጠን በላይ መሥራትም ልብ ያስደልቃል። ለፈተና ሌሊቱን በቡና ወይም በጫት ያደረ ልጅ ልቡ ቢሮጥ ደግሞ ምን ይገርማል። ስለዚህ አንድ የ20 ዓመት ልጅ «ልቤ ይመታል» ሲል እዚህ አገር መጀመሪያ ስቴቶስኮፕ ደረቱ ላይ ይቀመጥ። በተለይ እየሮጠ እያለ ራሱን ከሳተ፣ ምቱ እንደ መብራት ማብሪያ ድንገት በርቶ ድንገት የሚጠፋ ከሆነ፣ ተጋድሞ መተንፈስ ካቃተው፣ እግሩ ካበጠ፣ በልጅነቱ መገጣጠሚያው ያብጥ ከነበረ፣ ወይም ደረቱን ጨምቆ ወደ ክንድና መንጋጋ የሚሄድ ሕመም ካለው፣ «ፓኒክ ነው» የሚለውን ከጓደኛም ከኢንተርኔትም አትቀበሉ። ልቡ ታይቶ ደህና ከተባለ በኋላም ነገሩ አላለቀም፤ ያኔ ስለ ፓኒኩ የሚያናግረው ሰው ያስፈልገዋል።

ስለዚህ ጉዳይ የወደድኩት ትዕይንት የአንድ ድመት ነው፤ በ2022ቱ «ፑስ ኢን ቡትስ» ውስጥ። ሞትን የሚንቀው ጀግና ድመት ጫካ ውስጥ ሮጦ ዛፍ ተደግፎ ይቀራል፤ ልቡ ሲደልቅ እኛም እንሰማለን። አንድ ሞኝ የሚመስል ትንሽ ውሻ ይደርስበታል። «ምን ሆንክ» ብሎ አይጨቀጭቀውም፣ «አይዞህ፣ ምንም የለብህም» አይለውም። ጭንቅላቱን ሆዱ ላይ ያሳርፍለታል፤ ድመቱም የውሻውን ክብደት እየተሰማው ትንፋሹ ቀስ በቀስ ይረጋል። ውሻው ምንም ምርመራ አላደረገም፤ ግን አልሄደም።

አይረን ማንም መጨረሻ ላይ የልቡ ነገር ይታይለታል፤ ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ስብርባሪው ከደረቱ ይወጣል። ጭንቀቱስ? ስም ዝርዝሩ ሁሉ አልፎ፣ አብዛኛው ተመልካች ከአዳራሽ ከወጣ በኋላ አንድ አጭር ትዕይንት ይመጣል። ስታርክ ሶፋ ላይ ጋደም ብሎ የሆነውን ሁሉ ለዶክተር ብሩስ ባነር ሲያወራ እንደቆየ ይገባናል። ዞር ብሎ ሲያየው ባነር እንቅልፍ ወስዶታል። ሲነቃ፣ የዚያ ዓይነት ሐኪም እንዳልሆነ ይነግረዋል።